ታኮው ያለቀ ጫማ፦ «ዳውን አት ሂል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ፍቺ፣ አጠቃቀምና የአማርኛ አቻዎቹ

1. መግቢያ

በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ በጉዞ ማስታወሻና በጋዜጣ ጽሑፍ ውስጥ «ዳውን አት ሂል» የሚል ፈሊጣዊ አነጋገር በየጊዜው ያጋጥማል። ቃል በቃል ሲመለስ «ከተረከዝ በኩል የወረደ» እንደ ማለት ነው። መዛግብተ ቃላት በአጭሩ የሚሰጡት ፍቺም «የተጎሳቆለ፣ ያረጀ፣ አያያዝ የጎደለው» ከሚል አሳብ አይርቅም። ይህን አጭር ፍቺ ብቻ ይዞ የሚሠራ ተርጓሚ በአማርኛው ጽሑፍ ላይ «ደሃ» ወይም «አሮጌ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሚገኘው ዐረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም፤ አንባቢም ሳይጠራጠር ያነበዋል። ስሕተቱ የማይታይ መሆኑ ግን ያከብደዋል፤ ደራሲው የተሻለ ዘመን ያሳለፈ አድርጎ የሣለው ገጸ ባሕርይ ያን ዘመኑን ተነጥቆ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተቸገረ ሰው ሆኖ ለአማርኛ አንባቢ ይቀርባልና።

የዚህ መጣጥፍ መነሻ አሳብ የሚከተለው ነው። «ዳውን አት ሂል» ድህነትን በቀጥታ የሚሰይም ፈሊጥ አይደለም፤ የሚሰይመው ከተሻለ ደረጃ ቀስ በቀስ መውረድን፣ ይህም መውረድ በውጭ ለሚያይ ሰው መገለጡን ነው። አማርኛ ይህን አሳብ የሚገልጽበት የራሱ መንገድ አለው፤ መንገዱ ግን በጫማ በኩል አያልፍም። ከዚህ በታች የፈሊጡ እማሬያዊ መሠረት፣ ታሪካዊ ዘመዶቹ፣ የዛሬ አጠቃቀሙና የአማርኛ አቻዎቹ በቅደም ተከተል ይታያሉ።

2. እማሬያዊ መሠረቱ

በእንግሊዝኛ «ሂል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሰይማል፤ አንደኛው የሰው እግር የኋላ ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው የጫማ የኋላ መቆሚያ ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል። የመጀመሪያው «ተረከዝ» ሲባል፣ ሁለተኛው ከጣልያንኛ በተወረሰው ቃል «ታኮ» ይባላል። በፈሊጡ ውስጥ የተነገረው ስለ ጫማ ነው። ስለዚህ «ተረከዙ የወረደ» የሚለው ትርጉም ገና ከጅምሩ ይስታል፤ አንባቢው በእግር ላይ የደረሰ ሕመም ወይም ጉዳት እንዲያስብ ያደርገዋልና።

የቆዳ ጫማ ታኮ በቀድሞው አሠራር የተደራረቡ የቆዳ ንጣፎችን በማጣበቅና በሚስማር በመምታት ይሠራ ነበር። ሰው ሲራመድ በአብዛኛው አስቀድሞ መሬት የሚነካው የታኮው የኋላ ጠርዝ በመሆኑ፣ ከጫማው ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚበላው ይኸው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ሲበላ ጫማው ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ያዘነብላል። ጥገናው ከባድ አይደለም፤ ጫማ ሰፊው የታችኛውን ንጣፍ ብቻ አንሥቶ በሌላ ይተካዋል። አዲስ ጫማ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸርም ወጪው ጥቂት ነው።

ፈሊጡ ፍካሬያዊ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ተራ እውነታ ነው። አንደኛ፣ ታኮው ያለቀ ጫማ በአንድ ወቅት ደህና ጫማ ነበረ፤ ባለቤቱም ገዝቶት ነበር። ሁለተኛ፣ ታኮው የተበላው በአንድ ቀን አይደለም፤ በእርምጃ ብዛት ነው። ሦስተኛ፣ ጥገናው ቀላል ሆኖ ሳለ አለመደረጉ ባለቤቱ ያን ጥቂት ገንዘብ እንኳ ማጣቱን፣ አለዚያም ስለ መልኩ መጨነቁን መተዉን ይጠቁማል። አራተኛ፣ የጫማውን የኋላ ክፍል ከባለቤቱ ይልቅ ከኋላው የሚሄድ ሰው በደንብ ያየዋል። ፈሊጡ የተመልካች ፍርድ የሚያዝለው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። አምስተኛ፣ ሰውዬው ጫማ አድርጎ እየሄደ ነው፤ ወርዷል እንጂ አልወደቀም።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ንባብ አለ። የጫማው የኋላ ግድግዳ በተደጋጋሚ ተረግጦ ሲተኛና ጫማው እንደ ነጠላ ጫማ ሲጎተት፣ ይህም በዚሁ ፈሊጥ ሲገለጽ ኖሯል። በዚህኛው ንባብ ከእጦት ይልቅ ቸልተኝነት ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱ ንባቦች አንዱ ሌላውን አላጠፉም። ፈሊጡ እስከ ዛሬ ድረስ የችግርንና የግድየለሽነትን አሳብ አጣምሮ መያዙም ከዚህ ጋር ይስማማል።

3. ታሪካዊ ዘመዶቹ

እንግሊዝኛ የኑሮን መውረድ በእግር መልበሻ መግለጽ የጀመረው በቅርብ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1608 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው የዊልያም ሼክስፒር «ኪንግ ሊር» ተውኔት ውስጥ፣ በሁለተኛው ገቢር፣ የኬንት መስፍን እግሩ በግንድ ታስሮ ሳለ የዕድሉን መበላሸት «አውት አት ሂልስ» በሚለው ዘመድ ፈሊጥ ይገልጻል። ይህ አነጋገር የሚያመለክተው ጫማው ወይም ካልሲው ተቀድዶ ተረከዙ የወጣበትን ሰው ነው። አጋጣሚው ለዚህ ጥናት ፍሬ ነገር አለው። ኬንት በተወለደበት ደረጃ መኳንንት ነው፤ በዚያ ትዕይንት ግን የአገልጋይ ልብስ ለብሶ፣ የአገልጋይ ቅጣት እየተቀበለ ይገኛል። ፈሊጡ ገና በዚያን ዘመን ስለ ጫማ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዕድል ይነገር እንደነበር፣ ያውም ከከፍታ በወረደ ሰው አፍ እንደተቀመጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያው ደራሲ «የዊንድዞር ደስተኛ ሚስቶች» በተባለው ኮሜዲ ውስጥ፣ ገንዘቡ የተሟጠጠበት ባላባት ሰር ጆን ፎልስታፍ ስለ ራሱ በዚሁ ዘመድ ፈሊጥ እንዲናገር አድርጓል።

ሌላው ዘመድ «ስሊፕሾድ» የሚለው ቃል ነው። በመነሻው ልቅ ወይም ነጠላ ጫማ ያደረገን ሰው ይመለከት ነበር። ዛሬ ግን ከእግር ጋር የነበረው ግንኙነት ከተናጋሪዎች ልብ ጠፍቶ፣ ያለ ጥንቃቄ የተሠራን ሥራ ወይም የተጻፈን ጽሑፍ ብቻ የሚነቅፍ ቅጽል ሆኗል። ከአንድ ሥዕል የተነሡ ሁለት አነጋገሮች በጊዜ ብዛት ተለያይተዋል፤ አንዱ የሰውን ሁኔታ ሲይዝ ሌላው የሥራን ጥራት ይዟል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ከተሞች ውስጥ ይህን የቃላት ቤተሰብ ያበዛ ማኅበራዊ ምክንያት ነበር። የቢሮ ጸሐፊ፣ መምህር ወይም አነስተኛ ነጋዴ የሆነ ሰው ደመወዙ ጥቂት ቢሆንም የጨዋ ሰው ልብስ እንዲለብስ ይጠበቅበት ነበር፤ መልኩ ከተጎሳቆለ ክብሩም፣ አንዳንዴ እንጀራውም ይጎድላል። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው «ስኬችስ ባይ ቦዝ» በተሰኘው መድበል ውስጥ፣ ጨዋነታቸውን ከነተበ ልብስ ጋር ይዘው ስለሚኖሩ ሰዎች አንድ ምዕራፍ አለ። በምዕራፉ የሚታየው ሰው የብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ ክፍል አዘውታሪ ነው። ያረጀ ልብሱን በጥቁር ማቅለሚያ አድሶ ለጥቂት ቀናት አዲስ አስመስሎ ይለብሰዋል፤ ቀለሙ ሲለቅ ግን ልብሱ ከቀድሞው ብሶ ይታያል። ዊልያም ሜክፒስ ታከሪም እ.ኤ.አ. በ1840 ይህንኑ የተጎሳቆለ ጨዋነት በርእሱ ላይ ያወጣ ታሪክ ጽፏል። «ዳውን አት ሂል» የሚለው ፈሊጥ ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው፣ መልክን መጠበቅ ግዴታ በሆነበትና መልክ መክዳት በሚጀምርበት በእንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ ነው።

4. የዛሬ አጠቃቀሙ

በዛሬው እንግሊዝኛ ፈሊጡ በሁለት ሰዋስዋዊ ቦታዎች ይገባል። ከስም በፊት ሲመጣ ቃላቱ በአጭር ሰረዝ ተያይዘው እንደ አንድ ቅጽል ይጻፋሉ፤ ከግሥ በኋላ ሲመጣ ግን በአብዛኛው ያለ ሰረዝ ይቀመጣል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ዳውን አት ዘ ሂልስ» የሚለው ረዘም ያለ ቅርጽ ይዘወተራል። የሁለቱ ፍቺ አንድ ነው።

የሚገልጻቸው ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በተለይም በቀድሞ ሙያው ወይም በትውልዱ የተከበረ፣ አሁን ግን ልብሱና አኳኋኑ ያሽቆለቆለ ሰው። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ሆቴል፣ መንገድ፣ ሰፈር፣ ከተማ። ሦስተኛው ተቋም ነው፤ አንባቢዎቹ የቀነሱበት ጋዜጣ፣ ደጋፊዎቹ የሸሹት የስፖርት ቡድን፣ ወይም ትርዒቱ የቀዘቀዘበት ቴአትር ቤት።

ከቦታዎች መካከል ፈሊጡ አዘውትሮ የሚጠጋቸው የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተሞች ናቸው። ማርጌትና ብላክፑልን የመሳሰሉ ከተሞች በ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ሐዲድ ሲደርሳቸው የብዙ ሺህ ሠራተኞችና ቤተሰቦች የዕረፍት ቦታ ሆነው ነበር። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ርካሽ የአውሮፕላን ጉዞ ዕረፍት ፈላጊውን ወደ ስፔንና ወደ ሌሎች ፀሐያማ አገሮች ሲወስደው ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ፤ ቀለማቸው ተላጠ፤ የመዝናኛ አዳራሾቹም ተዘጉ። ጋዜጠኞች እነዚህን ከተሞች በዚህ ፈሊጥ ሲገልጹ ነዋሪው ደሃ ነው ለማለት ብቻ አይደለም፤ ሰፊው የባሕር ዳር መንገድና ያጌጠው የሕንፃ ፊት የቀድሞውን ዘመን ገና ስለሚመሰክሩ ነው። ከመጀመሪያውም በችግር የተቆረቆረ መንደር በዚህ ፈሊጥ አይገለጽም። ማርጌት እ.ኤ.አ. በ2011 ተርነር ኮንቴምፖራሪ የተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ከተከፈተባት በኋላ ስለ ከተማዋ ማንሠራራት ብዙ ተጽፏል። የወረደ ነገር ተመልሶ ሊነሣ እንደሚችል ፈሊጡ በውስጡ ቦታ ይተዋል፤ ያለቀ ታኮ ይቀየራልና።

የፈሊጡ ቃና መጠነኛ ነው። ስድብ አይደለም፤ ምስጋናም አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ርኅራኄ፣ አንዳንድ ጊዜም ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል የመመልከት አዝማሚያ ይሰማበታል። የቦታው ተወላጅ ከውጭ ሰው አፍ ሲሰማው ቅር ሊለው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

5. ከጎረቤት አነጋገሮች የሚለይበት

የአንድ ፈሊጥ ድንበር የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። «ዳውን ኤንድ አውት» የሚለው በድምፅ ይቀርበዋል፤ በፍቺ ግን ይርቀዋል። እርሱ ቤትም ሥራም ተስፋም ያጣን ሰው ይመለከታል። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1933 በፓሪስና በለንደን ስላሳለፈው የእጦት ኑሮ ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ የያዘው ይህን አነጋገር ነው። ለዚህኛው «ያጣ የነጣ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይስማማል፤ ለ«ዳውን አት ሂል» ግን ከመጠን ያልፋል።

«ኦን ዋንስ አፐርስ» የሚለውም የጫማ ፈሊጥ ነው። የጫማው ሶል ጨርሶ አልቆ ባለቤቱ በላይኛው ቆዳ ብቻ መቆሙን ያሳያል፤ ትርጉሙም ገንዘብ ጨርሶ ማጣት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደረጃ ነው፤ ታኮ ቀድሞ ያልቃል፣ ሶሉ ይከተላል። «ትሬድቤር» የጨርቅን መንተብ የሚናገር ሲሆን፣ ለደከመ ክርክርም ይነገራል። «ሲዲ» ከመጎሳቆል በላይ የሥነ ምግባር ጥርጣሬ ይጨምራል፤ በዚህ ቃል የተገለጸ ሆቴል አሮጌ ብቻ ሳይሆን ነውር የሚፈጸምበት ሊሆን ይችላል። «ዳውን አት ሂል» ይህን ጥርጣሬ አይሸከምም።

በተቃራኒነት የሚጠቀሰው «ዌል ሂልድ» የሚለው ነው፤ ፍቺው «ባለጸጋ» ወይም «ኪሱ የሞላ» ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ጥንድ ጫማ የተወለዱ ይመስላሉ። በመዛግብተ ቃላት ዘንድ የተለመደው ማብራሪያ ግን የሁለተኛውን ምንጭ ከአሜሪካ እንግሊዝኛ ጋር ያያይዘዋል፤ በዚያም «ሂልድ» የሚለው ቃል አስቀድሞ የታጠቀን ሰው ይመለከት ነበር። ይህም ለውጊያ በሚቀርብ አውራ ዶሮ እግር ላይ ከሚታሰር ሹል ብረት ጋር ይዛመዳል። ዛሬ ተናጋሪው ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ጥንድ ይጠቀምባቸዋል፤ የዛሬ አጠቃቀም ግን ስለ አመጣጥ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

6. የአማርኛ አቻዎቹ

«ተረከዝ» በአማርኛ አንባቢ ልብ ውስጥ የራሱ ትዝታዎች አሉት። ያዕቆብ ሲወለድ የወንድሙን ተረከዝ መያዙ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይታወቃል፤ በባዶ እግር ብዙ የተጓዘ ሰው ተረከዝ መሰንጠቅም ከኑሮ ይታወቃል። «የአኪለስ ተረከዝ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ቃል በቃል ቢመለስም የሚያስቸግር አይደለም፤ በግሪኩ አፈ ታሪክ ውስጥ የተነገረው ስለ አካል ነውና ታሪኩን ያወቀ ሁሉ ይረዳዋል። የ«ዳውን አት ሂል» ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ፈሊጡ ጫማን እንደ ተራ ነገር፣ የታኮን መጠገን ደግሞ እንደ ዕለታዊ ግዴታ ይቆጥራል። በኢትዮጵያ፣ በተለይም በገጠር፣ ለረጅም ዘመን ባዶ እግር መሄድ የተለመደ በመሆኑ ጫማ ማድረግ ራሱ የደረጃ ምልክት ነበር። ስለዚህ የታኮ ማለቅ የመውረድ ምልክት ሆኖ በቋንቋው ውስጥ አልሰረጸም። በተጨማሪም «ታኮ» የሚለው ቃል በዛሬው አነጋገር አስቀድሞ የሚያሳስበው ከፍ ያለ የሴት ጫማን፣ ይኸውም ጌጥን ነው።

አማርኛ መጎሳቆልን የሚሥልበት ዋናው ነገር ልብስ ነው። «የነተበ»፣ «ቡትቶ»፣ «ድሪቶ»፣ «ልብሱ እላዩ ላይ ያለቀ» የሚሉት ሁሉ ከጨርቅ የተነሡ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ «ጨርቁን የጣለ» የሚለው አነጋገር የሚናገረው ስለ እብደት ነው፤ ከመጎሳቆል ጋር ሊምታታ አይገባም። ከልብስ ሥዕል ጎን ደግሞ የጊዜ ሥዕል አለ። «ቀን የጣለው»፣ «ቀን የጎደለበት»፣ «ዘመን የከዳው» የሚሉት አነጋገሮች ሰውዬው ቀድሞ ቆሞ እንደነበረ፣ የሞላ ቀን እንደነበረው ያስታውሳሉ። እንግሊዝኛ በታኮ ውስጥ ያኖረውን የቀድሞ ደረጃ ትዝታ አማርኛ በ«ቀን» ውስጥ አኑሮታል።

ይሁንና ሁለቱ ፍጹም አይገጥሙም። «ቀን የጣለው» ሲባል ጥፋቱ የቀን ነው፤ ሰውዬው ከወቀሳ ነፃ ይወጣል፤ የሰሚም ልብ ያዝናል። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ግን ቸልተኝነትን የመጠርጠር በር ይከፍታል፤ ሥዕሉም ከዐይን አይርቅም። «ቀን የጣለው» ስለ ዕድል ይነግራል እንጂ ምን እንደሚታይ አይነግርም። «የነተበ» የሚታየውን ይነግራል እንጂ ስለ ቀድሞው ዘመን ዝም ይላል። ስለሆነም በብዙ ዐውድ ሁለቱን ማጣመር አስፈላጊ ይሆናል።

በነጠላ ቃል መመለስ ግድ ሲሆን «የተጎሳቆለ» ከ«ጎስቋላ» ይመረጣል። «ጎስቋላ» የሁኔታ ስያሜ ሲሆን፣ «የተጎሳቆለ» በግሥነቱ አንድ ነገር በጊዜ ሂደት እንደደረሰበት ያመለክታል። «አሮጌ» ብቻውን አይበቃም፤ በእንክብካቤ የተያዘ አሮጌ ቤት በዚህ ፈሊጥ አይገለጽምና።

7. የትርጉም ማሳያዎች

የሚከተሉት ዐውዶች ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ጡረታ የወጣ የላቲን መምህር በኪራይ ክፍል ይኖራል፤ ተራኪው በፈሊጡ ይገልጸዋል። «ተረከዙ የወረደ አዛውንት» ቢባል ትርጉም አይሰጥም። «ደሃ አዛውንት» ቢባል ስለ ኪሱ እውነት ይነገራል፤ ስለ ታሪኩ ግን ይዋሻል። «ቀን የጎደለበት፣ ኮቱ የነተበ አዛውንት» ቢባል የመምህሩ ያለፈ ክብርና የዛሬ መልኩ አብረው ይደርሳሉ።

በሁለተኛው ዐውድ የጉዞ ጸሐፊ በባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴልን ይገልጻል። «ርካሽ ሆቴል» ዋጋን ብቻ ያወሳል፤ «ቆሻሻ ሆቴል» ያልተነገረ ነቀፌታ ይጨምራል። «ደጉ ዘመኑ ያለፈበት፣ የተጎሳቆለ ሆቴል» ወይም «ግርማው የተገፈፈ ሆቴል» የሚሉት ይቀርባሉ።

በሦስተኛው ዐውድ የዜና ዘገባ አንድን ሰፈር በፈሊጡ ይጠራል። «የድሆች ሰፈር» ብሎ መመለስ የዘገባውን አሳብ ይለውጣል፤ ነዋሪዎቹንም በአንድ ስም ይጠቀልላል። ዋናው ጽሑፍ የተናገረው ስለ ሕንፃዎቹና ስለ መንገዶቹ አያያዝ ከሆነ «አያያዝ አጥቶ የተጎሳቆለ ሰፈር» ማለት ለአንባቢም ለነዋሪም ፍትሐዊ ነው።

8. ማጠቃለያ

«ዳውን አት ሂል» ከጫማ ተነሥቶ የሰውን፣ የቦታንና የተቋምን መውረድ የሚገልጽ ፈሊጥ ነው። ፍቺው የቀድሞ የተሻለ ደረጃን፣ የዝግታ መውረድን፣ የሚታይ ምልክትንና የተዘነጋ ጥገናን አጣምሮ ይይዛል፤ ፍጹም መውደቅን ግን አይናገርም። በአማርኛ «ደሃ» ወይም «አሮጌ» ተብሎ ሲመለስ ከእነዚህ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። የቀንን አነጋገርና የልብስን አነጋገር እንደ ዐውዱ ማጣመር ግን አሳቡን ሳያጎድል ያሻግረዋል።

አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» የአማርኛን ፈሊጥ ለሚያጠና ሰው መነሻ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ቃላትን በዐረፍተ ነገር ዐውድ ውስጥ እያሳየ የማቅረብን ጥቅም አሳይቷል። የሁለቱን መንገድ አቀናጅቶ፣ የእንግሊዝኛን ፈሊጦች በአማርኛ ዐውድ የሚያብራራ ሥራ ለድኅረ ምረቃ ጥናት ተገቢ መስክ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ለእያንዳንዱ ፈሊጥ ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ማለት ነው?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «የተገለጸው ሰው ወይም ቦታ ከዚህ በፊት ምን ነበር?» የሚለውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል። ታኮው ያለቀ ጫማ ያደረገ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ተርጓሚውም ያን መልስ ለአንባቢው የማድረስ ኃላፊነት አለበት።